የሚናከሰው የናስ ሳህን

የአለቃችን የመጀመሪያ ልጅ ከአክራ ቀይ ምንጣፍ ይዞ ባይመጣ ኖሮ አክስቴ ታላታ ከቤቷ ለመባረር ጫፍ ላይ አትደርስም ነበር። ይህን የምለው ሰውየውን ልወቅስ ብዬ አይደለም። ምንጣፉ ጥሩ ምንጣፍ ነው። አባቱን አክብሮ ነው ያመጣው፤ ከዋናው መንገድ እስከ መንደራችን እስከ ሳንጉሊም በሁለት ብስክሌት ላይ አጋድሞ ራሱ እየገፋ ነው ያደረሰው።

ከዚያ በፊት የአለቃው የችሎት ክፍል ወለል ሴቶች በእንጨት እየደበደቡና የዳዋዳዋ ዛፍ ፍሬ ልጣጭ የተዘፈዘፈበት ውሃ እያፈሰሱ ያጠነከሩት ጠጠር ነበር። ያ ወለል በኖረበት ዘመን ሁሉ ማንም ሰው ተነክሶ አያውቅም። አሁን ምንጣፉ ከበሩ ተነስቶ አለቃው ወደሚቀመጡባቸው የበሬ ቆዳዎች ይሄዳል፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ግን አልቋል። ልጁ የለካው በትዝታ ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ብረት ላይ የተቀመጠው የአለቃው የናስ ሳህን፣ የሚላመጠው የኮላ ፍሬ የሚቀመጥበት፣ እንደ ድሮው ባዶው መሬት ላይ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ሐርማታን ገባ። ሐርማታን ሲገባ የበረሃው አቧራ ፀሐይዋን ጨረቃ ያስመስላታል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ በር ይጣመማል፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚበርድም ትልቅ ትንሹ ከሰልባጅ የገዛውን ካልሲ ያወጣል። አለቃው ፊት ሲቀረብ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ካልሲ አውልቁ ያለ ግን የለም።

ነገሩ የጀመረው በዳና ነው። ዳና የጎረቤቱን ብስክሌት አልሰረቅኩም ብሎ ሊምል ቀረበ። በእኛ ዘንድ የሚምል ሰው ከአለቃው ሳህን አንድ ኮላ አንስቶ ነው የሚናገረው። ዳና ካልሲውን እየጎተተ ምንጣፉን አቋረጠ፤ እጁን ዘረጋ፤ ጣቱ ሳህኑ ጋ ገና ሳይደርስ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳና ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቁጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ብስክሌቱ አማቱ ጎተራ ውስጥ፣ ከገለባ ስር መሆኑን ተናገረ።

ያን ቀን ሳህኑ የነከሰው ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ግን ሌባውን ነከሰ።

ከዚያ ወዲያ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ሰው ተነከሰ። አምስቱም ጥቂት አሰብ ሲያደርጉ የዋሹት ነገር አገኙ። ፈልጎ የሚያጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኢማሙ አልተነከሱም። ዉላናም አልተነከሱም። ዉላና የሚለው የሹመት ስማቸው ነው፤ አለቃው በችሎት ላይ በራሳቸው አፍ አይናገሩም፣ ለዉላና ያንሾካሹካሉ፣ ዉላና ጮክ ብለው ይደግሙታል። ቀኑን ሙሉ ከሳህኑ ጎን ተቀምጠው ኮላ እያነሱ ለእንግዳ ያድላሉ። ሳህኑ አንድም ቀን ነክሷቸው አያውቅም። በዚህ የተነሳ ከመንደሩ ሰው ሁሉ እውነተኛው ዉላና መሆናቸው ታወቀ። እሳቸውም አልተቃወሙም።

ምስክር መጥራት ቀረ። ምስክር ረጅም ያወራል፤ ሳህኑ አጭር ነው።

እኔ ዉምቤ እባላለሁ። የንዲ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ከተመለስኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ከኒም ዛፍ ስር በፀሐይ ኃይል የሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ስልኮቹ እስኪሞሉ ዛፉ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ ከላይ ሆኖ ማሰብ ይቀለኛል። ሰዎች ከዛፉ ጋር ያወራል ይላሉ። ከዛፉ ጋር አላወራም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። የምኖረው አክስቴ ታላታ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው።

የአክስቴ ባል ክረምት ላይ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። አርባው እንደወጣ ታናሽ ወንድሙ ዚብሊም መጥቶ፣ ወንድሜ ሊሞት ሲል «ቤቱ ያንተ ነው» ብሎኛል አለ። አክስቴ ደግሞ፣ ባሌ ሊሞት ሲል «እስክትሞቺ ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣሽ» ብሎኛል አለች። ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ሳህኑ ተላለፈ።

ዚብሊም የኩሬው ዳር ሽንኩርት ገበሬ ነው። በተራው ቀን ከሽንኩርቱ መደብ ውስጥ ወጥቶ በቀጥታ መጣ፣ ምንጣፉን አቋርጦ ኮላ አነሳ። ምንም ድምፅ አልተሰማም። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ያይ ነበር። እኔ የተቀመጥኩት ሁልጊዜ የምቀመጥበት፣ ከግድግዳው ስር ስለሆነ የማየው እግር ብቻ ነው። ቀዩ ምንጣፍ ላይ አሥራ አንድ እርጥብ የእግር አሻራ ቀርቷል።

«የዚብሊም ቃል ተሰማ» አሉ ዉላና። «ሰኞ የታላታ ተራ ነው።»

ሳህኑ ከነከሳት ቤቱን ለዚብሊም አስረክባ ወደ አባቷ መንደር መሄድ አለባት። እዚያ ያላት አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ ባለፈው የሄደች ጊዜ ማን ነሽ ብሏታል።

ሐሙስ ዕለት ዉላና ዘንድ ሄድኩ። ከደጃቸው ዳስ ስር ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ተቀምጠዋል። ዉላና በዝምድና አያቴ ስለሆኑ በእኛ ወግ እኔን በቀልድ መስደብ መብታቸው ነው። የእኔም መብት ነው፤ ግን ስድብ ቶሎ አይመጣልኝም።

«መጣህ ደግሞ፣ አንተ የዛፍ ባል» አሉኝ።

«እንደምን ዋሉ አያቴ። ስለ ሳህኑ ነው።»

«ሳህኑ ደህና ነው።»

«ሳህኑ ውሸትን ከእውነት አይለይም። የሚነክሰው ሙል የሚባል ነገር ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም። በሁሉም ነገር ውስጥ አለ፤ በእርስዎም፣ በበርጩማዎም። ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ዓይነት የሆኑት ይገፋፋሉ፣ የተለያዩት ይሳሳባሉ።»

«አንድ ዓይነት ሆነው የሚገፋፉት ጣውንቶች ናቸው» አሉ ዉላና። «ሁለት ሚስት አለኝ። ይህን ለመማር የንዲ መሄድ አላስፈለገኝም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ምሳሌው ትክክል ስለነበር ደስ አለኝና ቀጠልኩ። «አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ አይታወቁም። ሰው ደረቅ ካልሲ አድርጎ ምንጣፍ ላይ ሲሄድ ግን በመፋተጉ ምክንያት ኤሌክትሮን የሚባሉ ትናንሾች ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራሉ። ሰውየው ላይ ይበዛሉ እንበል። እርስ በርስ ስለሚገፋፉ መውጫ ይፈልጋሉ። ናሱ በብረቱ እግር በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ ነው፤ ስለዚህ ጣቱ ሲጠጋ ዘለው ይወጣሉ። ጧ የሚለው እሱ ነው።»

ዉላና ኮላቸውን ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እነዚህን ትናንሾች ያያቸው ሰው አለ?»

«አይታዩም።»

«ሰው ላይ ይሰፍራሉ።»

«አዎ።»

«አይታዩም። ሰው ላይ ይሰፍራሉ። ከዚያ ይናከሳሉ።»

«አዎ።»

«እና መንፈስ አይደሉም።»

«አይደሉም።»

«የንዲ ያስተማሩህ ስማቸውን ብቻ ነው» አሉ ዉላና።

አንደኛው ሽማግሌ፣ ቅን ሰው ናቸው፣ «ግን ሳይነካካ እንዴት ይሳሳባል? ገመድ አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ ለሦስት ዓመት የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። «ገመድ የለውም። በዙሪያው መስክ አለ» አልኩ። «አንድ ሰው ወደ አለቃው ቤት ሲቃረብ ምን ያደርጋል?»

«ከብስክሌቱ ይወርዳል። ኮፍያውን ያወልቃል።»

«አለቃውን አይቷቸዋል?»

«ገና።»

«የነካው ሰው አለ?»

«የለም።»

«መስክ ማለት እንደዚያ ነው። አለቃው አንድ ቦታ ተቀምጠው ዙሪያቸው ያለው ቦታ ሁሉ ተለውጧል። በቀረቡ ቁጥር ይበረታል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ይሆናል።»

«ልክ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የንዲ ገበያ ላይ ለእኛ አለቃ ኮፍያውን የሚያወልቅ የለም።»

«ገባኝ» አሉ ዉላና። «አለቃው እዚያ ስላሉ ሳህኑ ይነክሳል። እኔም ስል የነበረው ይህንኑ ነው።»

«አይደለም አያቴ፣ ምሳሌ ነው። በነሐሴ ይምጡና ይሞክሩት፣ አንድም ሰው አይነክስም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ሙል ሳይጠራቀም ይሸሻል።»

«በነሐሴ ሰው እርሻ ላይ ነው። ለመዋሸት ጊዜ የለውም።»

«ዚብሊም እኮ እግሩ እርጥብ ነበር። ኢማሙም ታጥበው ነው የሚመጡት።»

«ውሃ ሰውን ያነጻል። ኢማሙን ጠይቃቸው፣ በዝርዝር ይነግሩሃል።»

ከዚያ መናገር የሌለብኝን ተናገርኩ። «እርስዎም የማይነከሱት ከሳህኑ ጎን ስለሚቀመጡ ነው። ምንጣፉን ደጋግመው አያቋርጡም።»

ዉላና ማላመጣቸውን አቆሙ። «እኔ የማልነከሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «በመቀመጤ ነው?»

መልስ ከመስጠት ላሳያቸው መረጥኩ። ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁ። መሬት ላይ የጅግራ ላባ ነበር፤ ለስላሳውን በጣጥሼ በርጩማ ላይ አደረግኩት። እስክሪብቶውን ፀጉሬ ላይ አጥብቄ አሸሁና ከላይ ያዝኩት። ላባዎቹ ተነስተው ቆሙ፤ አንዳንዶቹ ዘለው ተጣበቁ። እንደዚያ ጥሩ ሆኖ የሠራበት ጊዜ ትምህርት ቤትም አልነበረም።

ቅኑ ሽማግሌ በርጩማቸውን ወደኋላ ሳብ አደረጉ።

«እስክሪብቶው የማን ነው?» አሉ ዉላና።

«የኔ።»

«የምትኖረው ታላታ ቤት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እሺ» አሉ ዉላና። «እሺ።»

ዛፌ ስር ከመድረሴ በፊት ወሬው ደርሶ ነበር። ሁለት ሰዎች ስልካቸው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ወሰዱ። አንደኛው በሻሽ ጠቅልሎ ነው የያዘው።

ቅዳሜ ከሰዓት የአለቃው መልእክተኛ የሰኞውን ቀጠሮ ሊያስታውስ መጣ። አክስቴ ግቢ ውስጥ ቅቤ የሚወጣውን የሺያ ፍሬ ትፈለፍላለች። ቀጠሮውን ከመስማቷ በፊት ተነስታ በቅል የዱቄት ውሃ በጠበጠች፤ ራሷ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለችና ሰጠችው። ለእንግዳ የሚሰጠውን ባለቤት ቀድሞ ይቀምሳል፤ መጥፎ ወሬ ይዞ ለመጣም ቢሆን። መልእክተኛው ጠጣ፣ ቀጠሮውን ተናገረ፣ ቅሉን መልሶ ሄደ።

«አክስቴ» አልኳት፣ «ሰኞ ከመግባትሽ በፊት እግርሽን በውሃ አርሺው። ካልሲ አታድርጊ። በቃ፣ አይነክስሽም።»

«አንተ ዉላና ቤት ያወራኸው ነው? ላባ ያስጨፈርክበት?»

«አላስጨፈርኩም። ሙል ነው።»

«እስኪ ንገረኝ።»

ነገርኳት። እሷ ስትፈለፍል እኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሁለቱ ዓይነት፣ ስለ መገፋፋቱ፣ ስለ ካልሲውና ስለ ደረቁ አየር። ስጨርስ ጥቂት ፍሬዎች ፈለፈለች።

«በብዙ እርምጃ ይብሳል?»

«እስከ ተወሰነ ድረስ። ሲጎትቱት ደግሞ ይብሳል።»

«ሰው አይለይም?»

«አይለይም።»

«ኢማሙ ደረቅ ካልሲ ቢያደርጉ?»

«ይነክሳቸዋል።»

«አለቃው ቢሆኑ?»

«አለቃውንም። ኤሌክትሮን አለቃ አያውቅም።»

«የአለቃው ካልሲ ከምንድነው የተሠራው?»

«ከሱፍ። ልጃቸው ነው የላከው። እስከ ጉልበት ይደርሳል።» የምቀመጥበት ቦታ እግር የሚታይበት መሆኑን ተናግሬያለሁ።

አክስቴ የልጣጩን ክምር በእግሯ ወደ ጎን ገፋ አደረገች። «እግሬን አልታጠብም» አለች።

«ለምን?»

«ታጥቤ ብገባ እኔ እተርፋለሁ። ሳህኑ ግን እዚያው ይቀመጣል። ዚብሊምም እንደዚያው። በሚመጣው ሐርማታን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ አንተ ዛፍ ላይ ነህ።»

የመጨረሻው ነገር ትንሽ ከፋኝ። እውነት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሐርማታኑ ከዓመቱ ሁሉ የባሰ ነበር። ጎረቤት ቤት እንኳ አይታይም። በችሎቱ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰው ተሰብስቧል። ዚብሊም ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ዳናም መጥቷል፤ ከብስክሌቱ ነገር ወዲህ ችሎት አያመልጠውም።

አክስቴ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ግራጫ ካልሲ አድርጋለች። ምንጣፉ ላይ ግን አልወጣችም፤ ጫፉ ላይ ተንበርክካ ሰላምታ ሰጠችና እዚያው ቆየች።

ዉላና በዝምድና የባሏ አያት ስለሚሆኑ በቀልድ ሚስቴ እያሉ ነው የሚጠሯት። «ሚስቴ ታላታ፣ ተነሺና ንኪ» አሏት። «ቢነክስሽም አትፍሪ። እኔ ቤት ሦስተኛ ቦታ አለ።»

«እርስዎ ቤት ያሉት ሁለቱ ሲገፋፉ ግድግዳው ሊወድቅ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አለች አክስቴ።

ሰዉ ሳቀ። አለቃውም ትከሻቸው ትንሽ ተነቀነቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እኔ ዛሬ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» አለች። «ከዚህ ቤት የሚሰጠኝን ልቀበል ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ልጠይቅ። በእኛ አገር ባለቤቱ ሳይቀምስ እንግዳ ይጠጣል?»

«አይጠጣም» አሉ ዉላና።

«የሚሰጠው መራራ ቢሆንም?»

«መራራ ከሆነማ ይልቁንም።»

«እንግዲያው የሳህኑ ባለቤት ይቅመሱልኝ።»

ዉላና ፈገግ ብለው እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው አንድ ኮላ አነሱ፤ ከፍ አድርገው ለሰዉ አሳዩና አፋቸው ውስጥ ከተቱት። «ተቀመሰልሽ» አሉ።

«እርስዎ ባለቤት አይደሉም» አለች አክስቴ። «ደግሞም የቀመሱት ከሌላ ቅል ነው። ለእኔ የተቀዳው ከዚህ በር ይጀምራል።»

ዉላና ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቅኑ ሽማግሌ፣ «ከሌላ ቅል ቀምሶ መስጠት ደግሞ ደግ አይደለም። የእናቴ ወንድም የሞተው እንዲያ ነው» አሉ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ልማዱን የማያውቅ ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም።

አለቃው ለዉላና አንሾካሾኩ። ዉላና ጥቂት ዘግይተው ጮክ አሉ፦ «አለቃው እንዲህ ይላሉ። በአባቴ ቤት ሳይቀመስለት የጠጣ እንግዳ የለም።»

አለቃው ተነሱ። ከባድ ሰው ናቸው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ስለዚህ እግሩን አያነሱትም፣ ይጎትቱታል። ከቆዳዎቹ ተነስተው እስከ በሩ ሄዱ። አሥራ አንድ። በሩ ጋ ዞር ብለው ተመለሱ። የሱፍ ካልሲው ምንጣፉን ሲጠርግ ሽ፣ ሽ ይላል። ከላይ የደረቡት ሰፊ ቀሚስ በራሱ ጊዜ እግራቸው ላይ መለጠፍ ጀመረ። እኔ እቆጥር ነበር። አሥራ ስምንት ላይ ስደርስ ብሮጥ ይሻል ይሆን ብዬ አሰብኩ። በዚያ አቧራ ወዴት እንደምሮጥ ግን አልታየኝም።

ሃያ ሁለት። አለቃው እጃቸውን ዘረጉ።

የዚያን ዓመት ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ክፍሉ ጨለም ያለ ስለነበር ብርሃኑም ታየ፤ ሰማያዊ ነው፣ የአንድ ጥፍር ያህል ይረዝማል። የአለቃው ፊት አልተለወጠም። አለቃ መሆን ማለት ይህ ይመስለኛል። ኮፍያቸው ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አለ።

ሠላሳ ሰው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዉላና ኮላው አንቋቸው ሳሉ። አንድ ሰው ሌላውን ስለ ሽንብራ ዋጋ ጠየቀው።

«ነከሳቸው» አለ ዳና ከኋላ።

«ዝም በል ዳና» አሉ ዉላና።

«እኔ ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ ዳና። «ያ የኔው ነው። እንዲያውም የእሳቸው ይበልጣል።»

አለቃው ኮላውን ይዘው ወደ ቆዳቸው ተመለሱና ተቀመጡ። የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የተነከሰ ሰው ጥቂት ያስብና የዋሸውን ይናገራል። አለቃችን ለሃያ ስድስት ዓመት ገዝተዋል። ጊዜ ይፈጅ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ዉላና ጆሮ ጎንበስ አሉ። ዉላና ሲሰሙ ቆዩና አንገታቸውን አቀኑ።

«አለቃው ይጠይቃሉ» አሉ። «ያ ባለ እስክሪብቶው ልጅ እዚህ አለ ወይ?»

ከግድግዳው ስር ተነሳሁ።

«ስለነዚያ አለቃ ስለማያውቁት ትናንሾች ድገመው ይላሉ። ቀስ ብለህ። ከመጀመሪያው።»

ደገምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የተደመጥኩበት ቀን የለም፤ አስተማሪዬም እንደዚያ ተደምጦ አያውቅም። ስለ መፋተግ ስናገር ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ደረቅ አየር ስናገር አዎ፣ አዎ አሉ። የርቀቱን ነገር፣ እጥፍ ሲሆን ሩብ ማለቱን፣ አንዱ እንድደግመው ጠይቆኝ ለጎረቤቱ አስረዳው። አለቃው ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው ያዳምጡ ነበር።

«ማንንም አይለዩም?» አሉ። በራሳቸው አፍ ነው የተናገሩት፤ ዉላና ሊደግሙት አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«ማንንም ጌታዬ። እውነተኛና ውሸታም አያውቁም። የሚያውቁት ደረቅና እርጥብ ነው።»

«አያችሁ» አሉ ዉላና ለሽማግሌዎቹ። «ሐሙስ ዕለት ቤቴ ተቀምጠን ይህንኑ ስነግረው ነበር።»

አለቃው አንሾካሾኩ፤ ዉላና ተናገሩ። ሳህኑ የኮላ ሳህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰው የሚመሰክረው በሰው ነው። ወደ ዚብሊም ዞረው ምስክር እንዳለው ጠየቁት።

«ሳህኑ ነበር ምስክሬ» አለ ዚብሊም። «አልነከሰኝም፣ ሁላችሁም አይታችኋል።»

«እግርህን እያየሁት ነው» አሉ ዉላና። «ምንጣፉንም እያየሁት ነው። የአለቃው ልጅ ሲመጣ ይህን ጭቃ የምታስረዳው አንተ ነህ። ሰው አለህ?»

ዚብሊም ሰው አልነበረውም።

«ታላታም ሰው የላትም» አሉ ዉላና። «እሷ ግን ቤቱ ውስጥ አለች። ባለችበት ትኑር፣ እስክትሞት።»

ያን ጊዜ ዳና ተነሳ። «የኔስ ነገር? እኔ የተናዘዝኩት እኮ በካልሲዬ ምክንያት ነው።»

«ብስክሌቱን ሰርቀሃል ወይስ አልሰረቅክም?»

«እሱንማ ሰርቄያለሁ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ዳና ቁጭ አለ። ዉላና ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ችሎት ከመግባታቸው በፊት እግራቸውን ይታጠባሉ። ለጸሎት ነው ይላሉ።

ከአክስቴ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ አቧራው ውስጥ ብዙም አልተነጋገርንም። ግቢው በር ጋ ስንደርስ በሩ በደረቁ ነፋስ ተጣሞ ስለነበር ለሁለት ሆነን ገፋነው።

«አክስቴ» አልኳት፣ «ባልሽ በእርግጥ እንዲያ ብሎሽ ነበር? ማንም አያስወጣሽ ብሎ?»

ካልሲዋን አውልቃ አራገፈችና እርስ በርስ ጠቀለለቻቸው።

«ውሃ ስጪኝ ነው ያለው» አለች። «ሰጠሁት። ሌላ ምንም አላለም።»

«ዚብሊምስ?»

«ዚብሊም ያን ቀን ሽንኩርት ይዞ የንዲ ነበር። ሲመለስ ባሌን ቀብረነው ነበር።»

ገብታ የሺያውን ልጣጭ መጥረግ ጀመረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትጠርገው የኖረችው ግቢ ነው። ትንሽ ቆይታ መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች።

«እነዚያ ትናንሾች ይህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም አክስቴ።»

«ጥሩ» አለች። «አንተም አታውቅ።»